ሚስማር ጎራሹ

ሶፋ ለሚያለብስ ሰው ሁለት እጅ አይበቃውም። አንዱ ጨርቁን ወጥሮ ይይዛል፣ ሌላው መዶሻውን ያነሳል፤ ሚስማሩንስ ማን ያቀብል? የድሮ ባለሙያዎች መላውን አፋቸው ውስጥ አገኙት። ጭብጥ ሙሉ ትንንሽ ሚስማር ይጎርሳሉ፤ ምላስ አንዱን ከመሃል ለይቶ፣ ጭንቅላቱን ወደ ውጭ አዙሮ ከንፈር ላይ ያደርሰዋል፤ ጫፉ ማግኔት የሆነው መዶሻ ከዚያ ይስበዋል። ምላስ፣ ከንፈር፣ መዶሻ፣ እንጨት። የለመደው ሰው ሲሠራ ድምፁ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይመስላል።

ዛሬ ሁሉም በአየር ግፊት የሚተኩስ መምቻ ገዝቷል። ሶፋ ሠሪዎች በተደረደሩበት አንድ መንገድ ላይ ግን ሚስማር የሚጎርስ አንድ ሰው ብቻ ቀርቶ ነበር። ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ሰዉ «ሚስማር ጎራሹ» ይለዋል። ደንበኛ ሲገባ ራሱን ይነቀንቅና በጣቱ ወደ አፉ ይጠቁማል፤ እንደምታዩት ሥራ ይዣለሁ ማለቱ ነው። ደንበኛው ያወራል፣ እሱ ይለካል፣ ሥራው የሚደርስበትን ቀን በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ጽፎ ያሳያል። «ዝምተኛ ነው፤ እጁ ግን ወርቅ ነው» እያሉ ይወጣሉ።

ዝምተኛ አልነበረም። ይህን የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ፊቱን አይታው አታውቅም።

ሴትዮዋ ከከተማው ማዶ ባለ የሶፋ ጨርቅ መጋዘን ውስጥ በስልክ ትእዛዝ ተቀባይ ነች። እሱ ስፖንጅ፣ ማስቲሽ ወይም ጨርቅ ሲያልቅበት ይደውላል። በሱቁ በርና መስኮት መሃል ባለው መደርደሪያ ላይ፣ ጠመኔ የተነሰነሰበት የመስመር ስልክ አለ። ሚስማሮቹን ቆርቆሮ ውስጥ ይተፋቸዋል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ እጀታውን በትከሻውና በጆሮው መሃል ያጣብቃል።

«መጋዘን!»

«አራት ሜትር ከሩብ፣ ቡናማ። ሩቡን እንዳትበዪብኝ።»

«እኔ ጨርቅ አልበላም አቶ ሶፋ፤ ጥርሴ ውስጥ ይገባል።»

«ባለፈው ሦስት ጣት ጎድሎ ነው የመጣው፣ ወይዘሮ ሜትር።»

«በማን ጣት? ያንተ ከሆነ እንደ ሙዝ ነው አሉ።»

«ማን ነው ያለው?»

«ሾፌራችን ነዋ! ‹ጣቱ ሙዝ፣ አፉ ሳጥን፤ እንደምን ዋልክ ስለው ግንባሩን ያነሳልኛል› ይላል። ሌላ ቤት ገብተህ ይሆናል አልኩት። የኔ አቶ ሶፋማ ወሬው ከጨርቁ ይረዝማል!»

እሱ እንዲህ ይስቃል፣ ይመልስላታል፣ ስልኩን ይዘጋል። ከዚያ ሚስማሮቹን ይጎርሳል። ቀኑም ከነሚስማሩ ይመሻል።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ሚስቱ በነበረች ጊዜ ማታ ማታ ሻይ ቀርቦ ወሬ ይቀጥላል። እሷ አፏ ግልጽ ነበር፤ ሲሸት ሸተትክ፣ ሲያንኮራፋ አንኮራፋህ ትላለች። «ተነሥ፣ ብረት ብረት ስትል አልተኛም፤ አፍህን ታጥበህ ና» ትለዋለች። እያጉረመረመ ይነሣና ይታጠባል። ሰው ጥርሱን የሚያጥበው ለራሱ ብቻ አይደለም፤ አጠገቡ ለሚተኛውም ነው። እሷ ከሞተች በኋላ አልጋው ሰፋ፣ ማታ ማታ ተነሥ የሚለው ጠፋ። ብሩሹ መስተዋቱ ሥር ባለው ብርጭቆ ውስጥ ደርቆ ቆመ።

ከጊዜ በኋላ አንድ ጠዋት ሲቦርሽ አረፋው ቀይ ሆኖ ወጣ። በሁለተኛው ቀንም እንዲሁ። እሱ በሙያው ሕግ አሰበው፤ የተላጠ ቀለም አይታሽም፣ የቆሰለም አይነካካም። መጀመሪያ የሚደማውን ጎን ተወ። ቀጥሎ የፊቱን ተወ። መጨረሻ ላይ በውሃ ተጉመጥምጦ መውጣት ሆነ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የሚደማ ድድ ቆሻሻ ይዞ የተቆጣ ድድ ነው፤ ሲተዉት ይብስበታል እንጂ አይድንም። ተንኮሉ ደግሞ አለማመሙ ነው። ጥርስ ሲቦረቦር ሰውን ያስጮኸዋል፤ የድድ በሽታ ግን እንደ ምስጥ ድምፁን አጥፍቶ ከሥር ይበላል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አፍንጫም እንደዚያው ነው፤ የጎረቤትን ያሸታል፣ የገዛ አፉን አያውቅም።

ጎረቤቱ አናጺ ነው፤ ግድግዳ ይጋራሉ። የሶፋዎቹን እንጨት የሚያቆምለትም እሱ ነው። ድሮ ምሳቸውን በአንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር የሚበሉት። ከዓመታት በፊት አናጺው «ፀሐይ ልሙቅ» ብሎ በሩ ላይ ቆሞ መብላት ጀመረ። ፀሐይ በሌለበት ቀንም ቆመ። በተገናኙ ቁጥር ከኪሱ ማስቲካ ያወጣል፣ «እንካ፣ አንዷን ላጥ» ይለዋል። ሚስማር ጎራሹ የደግነት መስሎት ያመሰግን ነበር።

አንድ ቀን ከኋላ በኩል ስፖንጅ ሲቆርጥ፣ አናጺው ለአንዲት ደንበኛ አቅጣጫ ሲያሳያት በግድግዳው በኩል ሰማ።

«ግቢና አናግሪው፣ ጎበዝ ነው። ብቻ በር በሩ ላይ ቁሚ።»

«ምነው፣ ይቆጣል?»

«ኧረ አይቆጣም! አፉ... እንግዲህ ስትገቢ ታውቂዋለሽ» አለ አናጺው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሴትዮዋ ገባች። በሩ ላይ ቆመች። ሻሿን አፍንጫዋ ላይ ሳብ አድርጋ ስለ ወንበሮቿ ነገረችው። ያን ቀን ሚስማር ሳያስፈልገው፣ መርፌና ክር ይዞ ሳለ፣ ቆርቆሮውን አንሥቶ አፉን ሞላ። ከዚያ ወዲህ አፉ ባዶ ሆኖ ለሰው ታይቶ አያውቅም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የሱ ዝምታ ግን ነቅዞ ነበር።

ለዚህ ነው ስልኩን የሚወደው። ስልክ ሽታ አያስተላልፍም።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ሰኞ ለመጋዘኑ ሲደውል ነው።

«ስማ እንጂ አቶ ሶፋ፤ ከሦስት ወር በኋላ ጡረታ ልወጣ ነው።»

«እና ስልኩን ማን ያነሳል?»

«ማንም አያነሳም። ትእዛዙ በሞባይል ይሆናል ብለዋል። አንተ ትነካለህ፣ ጨርቁ ይመጣል።»

«ማን ይሰድበኛል ታዲያ?»

ሳቀች፤ ግን እንደ ወትሮው አላስረዘመችውም። «የእናቴ ወንበር አለኝ» አለች። «ባለ መደገፊያ ነው፤ ሞላው ወጥቷል፣ ጨርቁ አልቋል። ጡረታ በወጣሁ ማግስት ራሴ ይዤው እመጣለሁ። አንተ ታለብሰዋለህ፣ እኔም ፊትህን አያለሁ።»

«በሾፌሩ ላኪው።»

«አልክም።»

«ያኔ ሥራ ይበዛብኛል...»

«ሰውዬ፣ ፊትህ ላይ ምንድን ነው ያለው? ሁለት አፍንጫ ነው ያለህ?»

«መስመሩ ይቆራረጣል» ብሎ ዘጋው። መስመሩ እንደ መስተዋት የጠራ ነበር።

ቁጭ ብሎ አሰበው። ካልመጣች፣ ከሦስት ወር በኋላ በዓለም ላይ የሚያናግረው ሰው አይኖርም። ከመጣች ደግሞ አንዲት እርምጃ ወደ ኋላ ስትል ያያታል፤ ያቺ እርምጃ በዓመታት የተጠራቀመውን ሳቅ ሁሉ ይዛ ትሄዳለች። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አልቻለም። ስለዚህ ሰው መምረጥ ሲያቅተው የሚያደርገውን አደረገ፤ ላዩን መሸፈን ጀመረ። ቅርንፉድ አኘከ። የሚያቃጥል ሰማያዊ መጉመጥመጫ ገዛ። ጠንካራ ብሩሽ መርጦ ጣውላ እንደሚፍቅ ሰው ጥርሱን ፋቀው፤ ገንዳው ቀላ፤ ፈርቶ ተወው። በዚያው ሳምንት ከታች የፊት ጥርሶቹ አንዱ፣ ምላሱ ሚስማር ሲገፋበት፣ እንደላላ የወንበር እግር ወዲህ ወዲያ አለ። መዶሻውን አስቀመጠና ለረጅም ጊዜ ጣቱን ጥርሱ ላይ አድርጎ ቆየ።

ቀጥሎ የመጣው ሥራ የአንዲት መምህርት ሶፋ ነበር። መምህርቷ ትእዛዟን ከበር ላይ ሆና ተናገረች።

«ሽታ አለው። ሽቶ ረጨሁበት፣ ሳሙና አሸሁበት፣ አልለቅ አለ። ሌላው ባለሙያ አዲስ ጨርቅ ከላይ ላልብሰው፣ ይጠፋል አለኝ። አንተም እንደዚያ አድርግልኝ፣ አሮጌውን ማውለቅ አያስፈልግም።»

ሚስማር ጎራሹ ራሱን በኃይል ወዲህ ወዲያ ነቀነቀ። በአሮጌ ላይ አዲስ ማልበስ በሱ ዘንድ ሌብነት ነው። እሷ ከሄደች በኋላ ጨርቁን ገፈፈው። በመቀመጫውና በክንዱ መሃል ያለችውን ስንጥቅ በጣቶቹ ከፈታት። ሶፋ ሁሉ እዚያች ስንጥቅ ውስጥ ነው ኃጢአቱን የሚደብቀው፤ የዳቦ ፍርፋሪ፣ የፈሰሰ ወተት፣ የፀጉር ጌጥ፣ የከረሜላ ልጣጭ፣ ከዓመታት ብዛት አንድ ላይ ተጋግሮ እንደ ድንጋይ የደረቀ። ላዩ ንጹሕ ነው። ሽታው ከዚያ ነው።

«ሽቶ ረጨችበት!» ብሎ ብቻውን ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ የሚያኝከው ቅርንፉድ ምላሱን ነካው፤ ሳቁ ቆመ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት ወደ ጥርስ ክሊኒክ ሄደ።

ጥርስ አጣቢዋ እጇ ፈጣን፣ አንደበቷም ፈጣን የሆነ ወጣት ሴት ነበረች። ወንበሩን አስተኛችው፣ መብራቱን አወረደችው፣ ጠበቀች። አፉን አልከፈተም።

«አባባ፣ ይክፈቱ እንጂ።»

በአፍንጫው ተነፈሰ።

«ይሸተኛል ብለው ነው?» አለች ጭምብሏን እያስተካከለች። «ጠዋት ከርስዎ በፊት የመጣው ሰውዬ ትናንት ማታ ዓሣ በልቶ ነው የመጣው። እርስዎ አይበልጡትም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም፤ ይክፈቱ።»

ከፈተ። ወደ ኋላ አላለችም፤ የባሰ ተጠጋች። መስመር የተሠመረባት ቀጭን ብረት አንሥታ በጥርስና በድድ መሃል ቀስ አድርጋ እያስገባች ጥልቀቱን በሚሊሜትር ጠራች፤ ረዳቷ መዘገበች። «ሦስት። ሦስት። አምስት። ስድስት። ሰባት።» ሚስማር ጎራሹ ዕድሜውን ሙሉ ሲለካ የኖረ ሰው ነው፤ ሲለኩት ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«ምን ሆኗል መሰልዎት?» አለችው ቀና አድርጋው። «ድድ ጥርስን እንደ አንገትጌ ጥብቅ አድርጎ መያዝ ነበረበት። ሥሩ ላይ ቆሻሻ ተጋግሮ ደረቀ፣ ድዱ ተቆጣ፣ ከጥርሱ ላይ ተላቀቀ። አሁን መሃላቸው ስንጥቅ አለ። በስንጥቁ ውስጥ ቆሻሻ ይገባል፣ ይበሰብሳል፣ ይሸታል፤ ከሥር ያለውን አጥንትም እየበላ ይወርዳል። መጉመጥመጫው እዚያ አይደርስም፤ ላዩን ብቻ ነው የሚያጥበው።»

«ሶፋ ነዋ» አለ። አፉን በሚስማር መዝጋት ከጀመረ ወዲህ ለሰው ፊት ለፊት የተናገራት የመጀመሪያዋ ቃል ይህች ነበረች።

«ምን አሉኝ?»

«ምንም። ቀጥይ ልጄ።»

«ሲጋራ ያጨሳሉ?»

«ድሮ ትቻለሁ።»

«ጎበዝ። ስኳርዎን ግን ይመርመሩ፤ ስኳር ያለበት ሰው ድዱ ቶሎ ይጠቃል። ደግሞ ይሄ ምንድን ነው? የፊት ጥርስዎ ጫፉ ተሸርፏል፣ ከንፈርዎ ውስጥ ጠባሳ አለ።»

ነገራት። ጓንቷን እንዳጠለቀች እጆቿን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ሚስማር? አፍዎ ውስጥ? ቢውጡትስ? ለመሆኑ አፍዎ የመሣሪያ ሳጥን ነው?»

«ሾፌሩም ሳጥን ነው ብሏል» አለ፤ እሷ አልገባትም።

ስኳሩ ደህና ሆኖ ተገኘ። ድዱን በማደንዘዣ እያደነዘዘች፣ አንድ ጊዜ በቀኝ አንድ ጊዜ በግራ፣ ከድዱ ሥር የተጋገረውን ፍቃ አወጣችለት። የሚወዛወዘውን ጥርስ አልነቀለችውም፤ ዋና ሐኪሙ በቀጭን ሽቦ ከጎኑ ካለው ጠንካራ ጥርስ ጋር አሰረው። የላላ እግርን ከደህናው ጋር ማሰር እሱም ያውቃል፤ ወንበሩ ዳንስ ቤት ካልሄደ ይይዛል።

የቀረው የራሱ ሥራ ነበር፤ እሷም እያየችው አሠራችው። ብሩሹ ለስላሳ ይሁን። ፀጉሩ ወደ ድዱ ጠርዝ ዘንበል ይበል፤ አይገፋም፣ በትንሽ በትንሹ ይንቀጠቀጣል። ጠዋትና ማታ፣ የማታው በፍጹም አይቀርም። በጥርሶቹ መሃል የምትገባ፣ የጠርሙስ ማጠቢያ የምትመስል ትንሽ ብሩሽ ሰጠችው።

«ይደማል» አላት።

«ይድማ! የደማበትን ቦታ ነው ይበልጥ የሚያጥቡት። ቀስ ብለው፣ ግን ይበልጥ። ሁለት ሳምንት ይታገሡኝና ካልቆመ ይምጡና ይስደቡኝ።»

«ሽታውስ?»

«አብሮ ይሄዳል። የሸሸው ድድ ግን አይመለስም አባባ፤ ልዋሽዎት አልፈልግም። ጥርስዎ ረጅም ይመስላል። ያለውን ለማቆየት በየሦስት ወሩ እየመጡ ይታጠባሉ። ሚስማሩ ደግሞ ዛሬውኑ ይቁም።»

ቆመ። ሚስማሮቹን ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ በተነቀለ ማግኔት ላይ አፍስሶ ጠረጴዛው ላይ አደረጋቸው። ሥራው ተጎተተ። ጎንበስ፣ ማንሣት፣ ማነጣጠር፤ አውራ ጣቱን ሁለት ጊዜ ቀጠቀጠው። አፉ ባዶ ሆነ፤ ያን ጊዜ ነው አፉ ውስጥ ከሚስማር ሌላ ምንም እንዳልነበረ የታወቀው። ደንበኛ ሲገባ ቃል ይፈልጋል፤ ቃሉ ደርቋል። «ስንት ሰው ነው የሚቀመጥበት?» ብሎ ይጀምርና እጁን አፉ ላይ ይጋርዳል።

ድዱ ግን ልጅቷ እንዳለችው ሆነ። አረፋው ሮዝ ሆነ፣ ቀጥሎ ነጣ። ያበጠው ጠርዝ ሟሸሸ፣ ጥርሱን መልሶ ያዘ። በቀጠሮው ሲሄድ በዚያችው ቀጭን ብረት ለክታው «ሦስት፣ ሦስት፣ አራት» አለች፣ ደስ ብሏት። እሱ ግን የቁጥር ነገር አላረካውም። ሽታው መጥፋቱን ቁጥር አይነግረውም፤ አፍንጫ ነው የሚነግረው፣ እሱም የሌላ ሰው አፍንጫ። ሚስቱ ብትኖር ዞር ብላ በአንድ ቃል ትጨርሰው ነበር። ቤት ውስጥ መዳፉ ላይ ተንፍሶ አሸተተ። መዳፍ አይናገርም።

በመጨረሻ ወደ አናጺው ሄደ።

«ና ወደዚህ። ቅረብ።»

አናጺው መጋዙን አስቀመጠ። «ምነው፣ ልትስመኝ ነው?»

«አሽትተኝ።»

«ምን?»

«አፌን አሽትት። በር በሩ ላይ ቁሚ ያልካት እኔ እየሰማሁ ነው።»

አናጺው ፊቱ ተለዋወጠ። የእንጨት ብናኙን ከክንዱ ላይ አራገፈ፣ እንደገና አራገፈ፤ ምንም አልነበረበትም።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዴት ብዬ? ሰው ለሰው ሱሪህ ተቀዷል ይላል። ፊትህ ላይ ጥላሸት አለ ይላል። ይሄን እንዴት ይላል? ማስቲካ ሰጠሁህ። ስንት ማስቲካ ነው የሰጠሁህ!»

«ማስቲካህን ላጥኩት። አንዲት ቃል ግን ትበቃኝ ነበር።»

ከዚያ አናጺው አንገቱን አስግጎ ቀረበ። ሚስማር ጎራሹ «ሃ» አለበት።

«ምንም የለም።»

«እውነቱን ተናገር።»

«የለም እልሃለሁ! እንጨት እንጨት ይላል።»

«እሱ ያንተ ነው።»

ሳቁ፤ ሳቁ ግን ልብ ድረስ አልዘለቀም። ለዓመታት እውነቱን በማስቲካ የጠቀለለ ሰው ዛሬም ለማስደሰት ብሎ ቢሆንስ? ሚስማር ጎራሹ አመስግኖ ወጣ፣ ጥርጣሬውንም ይዞ ወጣ።

ቀኑ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ የኪራይ መኪና ደጃፉ ላይ ቆመች። አጠር ያለች፣ ሽበቷን ወደ ኋላ ያሰረች ሴት ወርዳ ሾፌሩን «ቀስ! እናቴን እኮ ነው የምታወርደው!» አለችው። ድምፁ ያ ድምፅ ነው። የሚስማር ጎራሹ እጅ ከሱ ቀድሞ ያውቃል። ከማግኔቱ ላይ ጭብጥ ሙሉ ሚስማር ዘግኖ ጎረሰ።

ሾፌሩ ወንበሩን አስገብቶ ወጣ። ሴትዮዋ ዙሪያውን ቃኘች፤ ስልኩን አየች፣ ጠመኔውን አየች፣ እሱን አየች።

«አቶ ሶፋ የለም?»

ራሱን ወዲህ ወዲያ ነቀነቀ። የለም።

«አንተ ማነህ፣ ሠራተኛው? ሠራተኛ አለኝ ብሎኝ አያውቅም።» ወደ አፉ ጠጋ ብላ ተመለከተች። «ሚስማር ጎርሰሃል? እሺ፣ አትናገር፣ ትውጠዋለህ። እጠብቀዋለሁ።»

ከፊቱ ባለው ሥራ ላይ ጎንበስ አለ። ምላስ፣ ከንፈር፣ መዶሻ። እሷ የእናቷ ወንበር ክንድ ላይ ተደግፋ፣ ጀርባዋን ሰጥታው፣ ወደ መንገዱ እያየች ታወራለች።

«እንደምመጣ ያውቃል። ሸሽቶ ነው አይደል? ዛሬ ጠዋት ቤቴ ሆኜ ስልክ አነሣሁና መጋዘን አልኩ። ማንም አልደወለም እኮ፤ እንዲሁ አልኩ።» የወንበሩን ክንድ በመዳፏ ዳበሰች። «ቁመናው ያስጠላ ይሆናል። ቢያስጠላስ! እኔ ምን ቆንጆ ነኝ?»

መዶሻው ይመታል።

«ወደ እህቴ ልሄድ ነው፣ ሌላ ከተማ። ወንበሩን ሲጨርስ መልእክት ይላክልኝ፤ ሰው ልኬ አስወስደዋለሁ። ይህንን ንገረው፤ ሌላ ምንም አትበለው።»

ቦርሳዋን አነሣች። ወደ በሩ ሄደች። እዚያው በር በሩ ላይ፣ ሁሉም ሰው ከሚቆምበት ቦታ ላይ ደረሰች። አንድ እርምጃ ብቻ ቀርቷታል፤ ያንን እርምጃ የሚያስወስዳት አፉ ሳይሆን ዝምታው ነበር። ሚስማሮቹን ሁሉ መዳፉ ላይ ተፋ።

«አራት ሜትር ከሩብ፣ ቡናማ» አለ። ድምፁ ተሰነጠቀ። «ሩቡን እንዳትበዪብኝ።»

አልዞረችም። እግሯ ግን ቆመ።

«ጥርሴ ውስጥ ይገባል» አለች ወደ መንገዱ። ከዚያ ዞረች። «ውሸታም! አንተ ውሸታም! የለም ይለኛል እዚህ ተገትሮ!»

«ሚስማር ጎርሼ...»

«አልሰማህም፣ ጮክ በል። ስልክ ስይዝበት የኖርኩት ጆሮዬ ሞቷል።»

የእናቷን ወንበር በአንድ እጇ እየጎተተች መጣች። ከጠረጴዛው ማዶ አላቆመችውም፤ አጠገቡ አምጥታ ተቀመጠችና ደህናውን ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠጋች። «በል፣ አሁን ተናገር።»

ምንም ማምለጫ አልነበረም። ተናገረ። ስለ ወንበሩ ሞላ ተናገረ፣ ስለ ስፖንጁ ውፍረት፣ ስለማያውቀው ነገር ሁሉ ተናገረ፤ ዓይኑ ግን አፍንጫዋ ላይ ነበር። ያቺን ትንሽ ጭምደዳ ጠበቃት። ሻሿ ሲሳብ ጠበቀ። ወንበሩ ወደ ኋላ ሲንፏቀቅ ጠበቀ። እሷ እንደተደገፈች ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ አፉን ትኩር ብላ አየች።

«ጥርስህ ረጃጅም ነው።»

«ድዱ ነው የሸሸው።»

«እንደ ባለቤቱ» አለችና ሳቀች። ያ የስልኩ ሳቅ፤ ግን ትንፋሽ ነበረው፣ ሻይ ሻይ ይል ነበር። እሱም ሳቀ፤ እጁ በልማድ ወደ አፉ ሲወጣ መንገድ ላይ ቀረ።

መኪናው ጡሩምባ ነፋ። ተነሣች።

«መቼ ሰው ልላክ?»

የሁለት ቀን ሥራ ነው። ይህን በመጋዘን የኖረች ሴት ታውቃለች።

«ሰው አትላኪ። ሐሙስ ለልክ ነይ።»

«ወንበር ልክ አለው እንዴ?»

«የወንበሩን አይደለም፤ የተቀማጯን ነው።»

«ኤዲያ!» ብላ ወጣች። ሐሙስ እመጣለሁ አላለችም፤ አልመጣምም አላለች። መኪናው መንገዱን ዞረ።

ሱቁ እንደ ወትሮው ጸጥ አለ። አናጺው መጋዙን ዘግቶ ሄዷል። ሚስማር ጎራሹ የተተፉትን ሚስማሮች በጨርቅ አድርቆ ወደ ማግኔቱ መለሳቸው፤ አፉንም ተጉመጠመጠ፤ ጥርስ አጣቢዋ ብታየው ምን እንደምትለው ያውቃል። ከዚያ የሴትዮዋን ወንበር አሮጌ ጨርቅ መግፈፍ ጀመረ። በመቀመጫውና በክንዱ መሃል ባለችው ስንጥቅ ውስጥ፣ ከተጋገረው አቧራ ሥር፣ የሕፃን ልጅ ካፖርት ሰማያዊ ቁልፍ አገኘ። ምናልባት የሷ ይሆናል።

በደንብ አጠበው። ሐሙስ ከመጣች የሚያወራት ነገር እንዳያጣ፣ መደርደሪያው ላይ ከጠመኔው አጠገብ አስቀመጠው።